ገዢዎች ሊዋሃዱ ነው ሲባል ምን እናድርግ?

ትልልቅ ገዢዎች ሊዋሃዱ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። "እንሽጥ ወይስ እንያዝ?" መልሱን ዛሬ ከቡና ውጪ ላምጣው።

በሴፕቴምበር 2001 (እ.ኤ.አ.) ኤችፒ ኮምፓክን በ25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊጠቀልል መሆኑ ተነገረ። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ለአንድ የኮምፓክ አክሲዮን 0.6325 የኤችፒ አክሲዮን ነው።

ገበያው ሲከፈት ኤችፒ ከ23.21 ወደ 18.87 ዶላር ወረደ። ተሻጩ ኮምፓክስ? እሱም 10 በመቶ ወርዶ 11.08 ላይ ዘጋ! ክፍያው በገዢው አክሲዮን ስለተሰላ፣ ኤችፒ ሲወድቅ ይዞት ወረደ። ዲፈረንሻል ተስማምቶ ኒውዮርክን ፊክስ ያላደረገ ላኪ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ውሉ አለ፣ ዋጋው ግን ገና አልታሰረም።

ሌላም አለ። በዕለቱ ስሌት ኮምፓክ 11.94 ማውጣት ነበረበት። የጎደለው 86 ሳንቲም በአብዛኛው የገበያው ጥርጣሬ ነው። በኖቬምበር የመሥራቹ ልጅ ዋልተር ሂውሌት ውህደቱን ሲቃወም ኤችፒ ወጣ፣ ኮምፓክ ወረደ። ይሁንና ውህደቱ በሜይ 2002 ተጠናቀቀ።

ስለዚህ ላኪዎችም ዩኒየኖችም፣ ወሬ ሰምታችሁ የገበሬውን ቡና በወረደ ዋጋ አትልቀቁ። ኮንትራታችሁን አውጡና ዋጋው ያልታሰረ ስንት ኮንቴነር እንዳላችሁ ዛሬውኑ ቁጠሩ። በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የተንጠለጠላችሁ ደግሞ ሁለተኛ ገዢ አሁኑኑ ፈልጉ። ገዢ ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው አማራጭ የሌለው ሻጭ ነው።

መልካም ገበያ!