የመረብን ስሕተት ቈጥሮ ስለ መጠበቅ

በመሥሪያ ቤት ያለው የኮምፒዩተር መረብ በዘገየ ጊዜ፥ ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት ሰፊ መስመር ስለ መግዛት ነው። ነገር ግን ምክንያቱ የተጐዳ ኬብል እንደ ሆነ፥ የሚወጣው ገንዘብ ቀዳዳው ሳይደፈን በእንስራ ውሃ እንደ መጨመር ይሆናል።

ስዊችና ራውተር የሚባሉት መሣሪያዎች በየፖርታቸው ተበላሽቶ የደረሰውን መልእክት ራሳቸው ይቈጥራሉ። ቍጥሩም መሣሪያው ከተነሣ ጀምሮ የሚደመር ስለ ሆነ፥ ብዛቱ ብቻውን አይፈርድም፤ የሚፈርደው ከትናንት እስከ ዛሬ የጨመረው ነው። ሺሕ ቈጥሮ የቆመው ፖርት ምናልባት ቀድሞ ድኖ ይሆናል፤ ዛሬ ሃምሳ የጨመረው ግን መመርመር አለበት።

ለዚህ ሥራ ብዙ በጀት አያስፈልግም። መሣሪያዎቹ የሚጠየቁበት ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. የተባለው ደንብ በ1988 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ቶቢያስ ኦቲከር የጀመረው ኤም.አር.ቲ.ጂ. የተባለው ፕሮግራምም ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ በየ5 ደቂቃው ቈጣሪውን እየጠየቀ በሥዕል ያሳያል፤ ስሕተቱንም እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። እርሱም ቢታጣ፥ አንድ ትጉህ ሠራተኛ ቍጥሩን በየማለዳው በመዝገብ ቢያሰፍር ልዩነቱ ይገለጣል።

ስለዚህ በመንግሥት ገንዘብ ላይ የተሾመ ሁሉ ለአዲስ መስመር ከመፈረሙ በፊት፥ የስሕተቱ መዝገብ ይቅረብልኝ ማለት ይገባዋል።