በግቢ የሚተከሉ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚሹት ጥንቃቄ

በየግቢው የአትክልት ሥፍራ በግል ጥረት ተሠርተው የሚተከሉ መብራቶችና መቆጣጠሪያዎች በክረምቱ ዝናብ አደጋ እንዳያደርሱ በቅድሚያ ኃይል የሚያገኙበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ኃይል 220 ቮልት በመሆኑ በእርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው የተላጠ ሽቦ ቢነካ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም ኃይሉን ወደ 12 ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር በቤት ውስጥ ተቀምጦ ወደ ግቢው ዝቅተኛው ኃይል ብቻ መውጣት ይኖርበታል። ተራው ብሬከር በሰው አካል የሚያልፈውን አነስተኛ ኃይል ለይቶ ስለማያቋርጥ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ መከላከያ መጨመር ተገቢ ነው።

«አይፒ 65» የሚል ምልክት ያለው ሣጥን አቧራንና ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይከላከላል። ሆኖም ሽቦው ከሥር በኩል ካልገባና ቀዳዳው በሚገባ ካልታሸገ ምልክቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።