ለሕግ ስንት ጂፒኤ ይበቃል? ቁጥሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ስሌቱን እወቁት

ውጤት በወጣ ሰሞን በጅጅጋ ሻይ ቤቶችም ሆነ በቴሌግራም ግሩፖች የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ለሕግ ስንት ነው የሚያስገባው?» አንዱ «3.5 ካላመጣህ አትድከም» ይላል። ሌላው «የአጎቴ ልጅ በ3.1 ገብቷል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ዋናው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው፣ ጂፒኤ ማን ያየዋል?» ብሎ ይዘጋዋል።

የሚገርመው ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ዩኒቨርሲቲ ያዩትን ነው የሚያወሩት። ለሕግ ተብሎ አንዴ ተቆርጦ ለሁልጊዜ የተቀመጠ ቁጥር የለም። ያለው ውድድር ነው፤ ቦታው ውስን ነው፣ አመልካቾች በነጥብ ይደረደራሉ፣ ቦታው ያለቀበት ላይ መስመሩ ይሰመራል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነጥባችሁ እንዴት እንደሚሰላ ነው። እሱን ደግሞ በስልካችሁ ካልኩሌተር ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

በቅደም ተከተል እንየው።

የመጀመሪያው በር፦ 50 ፐርሰንት

ከ2014 ዓ.ም ፈተና ጀምሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል። በሩ ምን ያህል እንደጠበበ ታስታውሳላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም ይህን ያለፉት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ።

ለማለፍ ትንሽ የቀራቸው ተማሪዎች በሪሜዲያል በኩል ሌላ ዕድል ተሰጥቷቸዋል። ሪሜዲያል ሲጀመር በነበረው አሠራር 30 ከመቶው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና፣ 70 ከመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ይያዛል፤ ያለፈ ፍሬሽማን ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ነገር አለ። ይህን በር ማለፍ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል እንጂ ሕግ አያስገባም። ታላላቆቻችሁ ከ2012 ዓ.ም በፊት የገቡ ከሆኑ የእነሱ ታሪክ ሌላ ነው፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲ እንደደረሱ በ12ኛ ክፍል ውጤታቸው ዲፓርትመንት ይመርጡ ነበር። «ዋናው የ12ኛ ክፍል ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። በ2012 ዓ.ም የፍሬሽማን ትምህርት ከተመለሰ ወዲህ ግን ግቢ ውስጥ ገብታችሁ የምታመጡት ጂፒኤም ይቆጠራል።

ፊደሉ ያው፣ ጂፒኤው ሌላ

ጂፒኤ ማለት የውጤቶቻችሁ አማካይ ነው ይባላል። ልክ ነው፣ ግን ተራ አማካይ አይደለም። እያንዳንዱ ኮርስ ክብደት አለው፤ ክብደቱ ክሬዲት አወር ይባላል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተለመደው አሠራር ኤ ፕላስም ኤም 4 ነጥብ ናቸው። ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ ነው። የእያንዳንዱን ኮርስ ነጥብ በክሬዲቱ ታባዛላችሁ፣ ሁሉንም ትደምራላችሁ፣ በጠቅላላ ክሬዲቱ ታካፍላላችሁ። በቃ፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

በምሳሌ እንሥራው። አንዲት የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ስድስት ኮርስ ወሰደች እንበል። እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ እና ሒሳብ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት፣ አንትሮፖሎጂ 2 ክሬዲት። ጠቅላላ 17።

እንግሊዝኛ ቢ፦ 3 × 3 = 9
ሎጂክ ቢ ፕላስ፦ 3.5 × 3 = 10.5
ሳይኮሎጂ ኤ ማይነስ፦ 3.75 × 3 = 11.25
ጂኦግራፊ ኤ፦ 4 × 3 = 12
ሒሳብ ሲ፦ 2 × 3 = 6
አንትሮፖሎጂ ኤ፦ 4 × 2 = 8

ድምሩ 56.75 ነው። ለ17 ሲካፈል 3.34 ይሆናል።

አሁን ሁለት ውጤት ብቻ እንቀያይር፤ ሒሳብ ኤ፣ አንትሮፖሎጂ ሲ ይሁን። ካርዱ ላይ ያሉት ፊደላት ያው ናቸው፤ አንድም አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። ድምሩ ግን 58.75 ይሆናል፣ ጂፒኤው 3.46። ልዩነቱ 0.12 ነው። «ትንሽ ናት» እንዳትሉ፤ ሕግ የሚፈልገው ልጅ በበዛበት ግቢ በዚህች መሐል ብዙ ሰው ይሰለፋል።

እዚህ ላይ የኛ አካባቢ ልጆችን የሚመለከት ነገር አለ። አብዛኛው የሶማሌ ክልል ተማሪ የመጀመሪያ ደረጃን በሶማሊኛ ተምሮ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገረው። ግቢ ሲገባ የእንግሊዝኛ ኮርሱ ባለ 3 ክሬዲት ነው፤ ሎጂክም ባለ 3 ክሬዲት ነው፣ ያውም ንባቡ ከባድ የሆነ። ቀለል ያለውን ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ኤ ለማድረግ ሌሊቱን ከማንጋት በፊት ከባዶቹ እንዳይወድቁ ማድረግ ይበልጣል። የስፖርቱ ኮርስ ደግሞ አለፈ ወይም ወደቀ ተብሎ ስለሚያዝ አማካዩ ውስጥ አይገባም፤ መቅረት ግን አይቻልም።

ሁለቱ ውጤቶች ሲገናኙ

ዲፓርትመንት ሲመረጥ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ውጤት አንድ ላይ ያዩታል፤ የ12ኛ ክፍሉን የተወሰነ ፐርሰንት፣ የፍሬሽማኑን ጂፒኤ የተወሰነ ፐርሰንት። የመግቢያ ፈተና የሚጨምርም አለ። ድርሻው ከግቢ ግቢ፣ ከዓመት ዓመት ሊለያይ ይችላል። ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም፤ ማን እንደሚገባ ይቀይራል።

ሁለት ተማሪዎችን እንውሰድ። ከጅጅጋ የመጣው ልጅ በ12ኛ ክፍል ከ600 390 አምጥቷል፣ ማለትም 65 ፐርሰንት። ጂፒኤው 3.20 ነው። ከቀብሪበያህ የመጣችው ልጅ 330 አምጥታለች፣ ማለትም 55 ፐርሰንት። ጂፒኤዋ 3.55 ነው። ጂፒኤን ወደ መቶ ለመቀየር ለ4 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፤ ስለዚህ የሱ 80፣ የሷ 88.75 ይሆናል።

ግቢው ሁለቱን ውጤት እኩል 50 ለ50 ቢይዝ፦ እሱ 32.5 ሲደመር 40፣ ጠቅላላ 72.5። እሷ 27.5 ሲደመር 44.38፣ ጠቅላላ 71.88። እሱ ይቀድማል።

ግቢው ለ12ኛ ክፍል 30፣ ለፍሬሽማን 70 ቢሰጥ፦ እሱ 19.5 ሲደመር 56፣ ጠቅላላ 75.5። እሷ 16.5 ሲደመር 62.13፣ ጠቅላላ 78.63። አሁን እሷ ቀደመች።

ልጆቹ ያው ናቸው፣ ውጤታቸውም ያው ነው። የተቀየረው ቀመሩ ብቻ ነው። ለዚህ ነው «የአጎቴ ልጅ በ3.1 ገብቷል» የሚለው ወሬ ብቻውን የማይረዳችሁ። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ስንት ነበር? የት ነው የገባው? በዚያ ዓመት ስንት ሰው ሕግ መረጠ? እነዚህን ሳታውቁ 3.1 የሚለው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ምደባ አገር አቀፍ ስለሆነ የጅጅጋ ልጅ ሩቅ ክልል ሊመደብ ይችላል፣ የሩቁም ልጅ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ይመጣል። የምትወዳደሩት ከሰፈራችሁ ልጆች ጋር ሳይሆን በተመደባችሁበት ግቢ ሕግን ከመረጡት ጋር ነው። አንድ አይነት ነጥብ ጅጅጋ ላይ ሕግ አስገብቶ ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ላይ ላያስገባ ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ እዚያ የምታስቡ ማስታወቂያውን ለብቻው ተከታተሉ።

ድጋፉስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ለሴቶች፣ አንቀጽ 89 ላይ ደግሞ በልማት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይላል። በምደባ ጊዜ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልልና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች፣ ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገው ድጋፍ መሠረቱ ይህ ነው።

ግን ሁለት ስህተት አለ። አንዱ «ለኛ ስለሚጨመር አያሳስብም» ብሎ መዘናጋት ነው። ጅጅጋ ግቢ ውስጥ ከእናንተ ጋር የሚወዳደረው ብዙው ልጅ ያንኑ ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ሁሉም ላይ ሲጨመር ደረጃው ያው ነው። ሁለተኛው ስህተት መብትን አለመጠየቅ ነው። ድጋፉ ማስረጃ የሚፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከወረዳ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይዞ መምጣት ዋጋ የለውም። ደገሃቡር ወይም ቶጎጫሌ ቤተሰብ ያለው ልጅ ደብዳቤውን ከወዲሁ ቢያስጽፍ ይሻለዋል።

ውጭ አገር ያለው ዘመድ የሚለው

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሌላ አይነት ወሬ ትሰማላችሁ፤ እሱ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሕግ የሚማሩት መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ይዘው ነው። የአመልካቹን ውጤት ኤልሳክ የሚባል ተቋም እንደገና አስልቶ ለሕግ ትምህርት ቤቶቹ ይልካል። በነሱ ስሌት ኤ ፕላስ 4.33 ነው፤ ስለዚህ አማካይ ከ4 ሊበልጥ ይችላል። የተደገመ ኮርስም ሁለቱም ውጤቶች ትራንስክሪፕት ላይ ካሉ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ሰው ደግሞ ጂፒኤ አያሰሉለትም፤ ትራንስክሪፕቱን መርምረው ደረጃውን በቃል ነው የሚገልጹት። ስለዚህ ከሚኒያፖሊስ የሰማችሁትን ሕግ ጅጅጋ ላይ አትሥሩበት፤ የጅጅጋውንም እዚያ።

ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት

እነዚህን ጥያቄዎች ሬጂስትራር ወይም ዲፓርትመንት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ አንሱት።

1. ለ12ኛ ክፍል ስንት ፐርሰንት፣ ለፍሬሽማን ስንት ፐርሰንት ተያዘ? የመግቢያ ፈተና አለ?
2. የሚያዘው የአንድ ሴሚስተር ጂፒኤ ነው ወይስ የዓመቱ?
3. ከሪሜዲያል የመጣ ተማሪ የትኛው ውጤቱ ነው የሚያዝለት?
4. ዘንድሮ ሕግ ስንት ተማሪ ይቀበላል? ሁለት ሰው እኩል ቢያመጣ በምን ይለያሉ?
5. ሕግን ሁለተኛ ምርጫ ባደርግ ቦታ ሳይሞላ ይደርሰኛል?

ከዚያ ግሬድ ሪፖርታችሁን አውጥታችሁ ጂፒኤውን ራሳችሁ አስሉት። ክሬዲቱ ልክ ነው? ውጤት ሳይገባለት የቀረ ኮርስ አለ? እናንተ ያወጣችሁት ቁጥርና ሲስተሙ ያወጣው ካልተገጣጠመ ያኔውኑ አመልክቱ። ቅሬታ የሚቀበሉበት ጊዜ አጭር ነው፤ ምደባ ከወጣ በኋላ «ስህተት ነበረበት» ማለት በጣም ከባድ ነው።

ከገባችሁ በኋላስ?

ሕግ የአምስት ዓመት መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሌሎቹ ትምህርቶች በ2015 ዓ.ም ሲጀምሩት ሕግ ግን ቀድሞ ከ2003 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ሲፈተን ነበር። ማለፊያው 50 ፐርሰንት ነው። ማስተርስ ለመቀጠል ደግሞ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ጋት የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና አለ።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በክልላችን የፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል። ሦስቱንም እየተረዳ ለአንዲት የቀብሪበያህ እናት መብቷን በቋንቋዋ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ምናልባት አሁን ዶርም ውስጥ ተኝቶ ይህን የሚያነብ ፍሬሽማን ነው። ጂፒኤው ስንት እንደሆነ ግን ገና አላሰላውም።

ካልኩሌተሩን ክፈቱት።