«ዛሬ አልነዳም» የሚል ሹፌር

ዛንዚባር ወይም ባሊ ደርሰው የመጡ ዘመዶች ስለ ባሕሩ አውርተው ሲጨርሱ የሚያነሱት ሹፌራቸውን ነው። እዚያ ብዙ እንግዳ የአገሩን ልጅ ከነመኪናው በቀን ሂሳብ ይዞ ይዞራል። ባሊ ላይ አንድ ቀን ማለት ብዙ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ነዳጁም በዋጋው ውስጥ ይገባል። ስሪላንካ ውስጥ ደግሞ እንግዳ ይዞ ለመጣ ሹፌር ማደሪያ የሚሰጡ ሆቴሎች ብዙ ናቸው። እኛ ይህንኑ «ኮንትራት መያዝ» እንለዋለን። ሰዓቱ፣ ነዳጁና የሹፌሩ ማደሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሳ ነው ጉዞ የሚጀመረው።

የእህቴ ልጅ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ፣ በሐምሌ፣ ልጆች ጨምረን ስድስት ሆነን ሄድን። የሄድነው በአውሮፕላን ነው። በየብስ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በወለጋ በኩል የነበረው የጸጥታ ሁኔታም ቤተሰብ ይዞ የሚሞከር አልነበረም። አሶሳ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ሞልቷል። ገጠሩን ለማየት ግን መኪና ያስፈልጋል፤ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ለሦስት ቀን ያዝን።

መኪናውን ያገናኘን ደላላ ነው። ደላላ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ አብሯችሁ የሚውለው ሹፌሩ ነውና ውሉን ከእሱ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል። ነዳጅ በማን ነው? (ወረፋ ካለ የሚሰለፈውም እሱ ስለሆነ ከዋዜማው ቢያውቅ ይመረጣል።) ስንት ሰዓት ተነስተን ስንት ሰዓት እንመለሳለን? ምሳውስ? መንጃ ፈቃዱን፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። መኪናው ለንግድ የተመዘገበ መሆኑንም ጠይቁ፤ የቤት መኪና ለኪራይ ሲሠራ አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ትርፍ ጎማና ክሪክ በዓይን የሚታዩ ናቸው።

እኔ ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። መንዳት ባይቻልስ? በሌሊት ተረኝነት የመኪና አደጋ ተጎጂዎችን ስቀበል፣ ብዙ ተሳፋሪዎች ሹፌሩ እንደደከመው ቀድመው አይተው ነበር። ሹፌሩም ያውቃል። ግን ከቆመ የዕለት ገንዘቡን ያጣል። ስለዚህ ከሹፌራችን ጋር እንዲህ ተስማማን፤ ዝናብ ወይም ጸጥታ አስቁሞን ከዋልን ሙሉ ክፍያ፣ እሱ ከታመመ ግማሽ። የእህቴ ባል «ላልሠራበት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ብሎ ነበር፤ እህቴ ዝም አሰኘችው።

ሹፌራችን የበርታ ተወላጅ ነው፤ አማርኛም ዓረብኛም እንደ ልቡ ይናገራል። እህቴ አዲስ አበባ የት ሰፈር እንደምትኖር ጠየቃት። «ሸጎሌ» ስትለው ሳቀ። «የእኛ ሼህ ስም ነው'ኮ!» አላት። እውነቱን ነው፤ ሰፈሩ የተሰየመው በአሶሳው ገዥ በሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው፤ እዚያ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ልጆቹ ተወልደው ያደጉበትን ሰፈር ታሪክ የሰሙት አሶሳ መኪና ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በባምባሲ መንገድ ወጥተን ወደ ገጠር ገባ አልን፤ ቀርከሃውን አይተን ስንመለስ ከባድ ዝናብ ወረደ። ጠዋት የተሻገርነው ጅረት ሞልቶ ጠበቀን። ሹፌሩ ወርዶ ውኃው ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጠና መጥቶ ተቀመጠ። የእህቴ ባል «ጎማውን እንኳ አይሸፍንም፤ እለፍ እንጂ» አለው።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ከውኃው ሲርቅ እናልፋለን።»

30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትልልቆቹንም ይወስዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅን። የሚያጣው ገንዘብ ስለሌለ ሹፌሩ አልተቻኮለም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሆሞሻ ልንሄድ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሹፌሩ ወፍራም ጃኬት ለብሶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቁልፉን የያዘው እጁ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ ትንሽ ብርድ ነው። ሻይ ስጠጣ ይለቀኛል።»

ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ላብ በላብ ሆኗል። ማታ እንዳንቀጠቀጠው፣ ራሱንና መገጣጠሚያውን እንዳመመው፣ ሌሊት ፓራሲታሞል እንደዋጠ ጠይቄ አወቅሁ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓት ያወርዳል እንጂ በሽታውን አይነካም። መንገድ ላይ ደህና መስሎ ይነዳና ብርዱ ሲመለስ መሪ እንደያዘ ያንቀጠቅጠዋል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የጣት ደም ተወሰደለት፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ኮአርተም ተሰጠው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።

ስንመለስ የእህቴ ባል «መድኃኒቱን ከጀመረ ምን ችግር አለው? ቀስ ብሎ ይንዳ» አለ። ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! መድኃኒት ተጀምሮም ትኩሳቱ አንድ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ማዞሩና ድካሙም እንዲሁ። ፋልሲፓረም ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋና ራስን ሊያስት የሚችል ወባ ነው። ስድስት ሰው ጭኖ ይቅርና ብቻውንም መንዳት የለበትም። ልጆቹ አኮረፉ። ያን ቀን ከተማው ውስጥ ስንዞር ዋልን፤ ማንጎ ፈልገው ነበር፣ ግን ወቅቱ አልፏል።

ግማሽ ክፍያውን ሰጠነው። መጀመሪያ አልወስድም አለ፤ ማታ የተስማማነውን ሳስታውሰው ተቀበለ። ያ ስምምነት ባይኖር ኖሮ ጃኬቱን አውልቆ፣ ላቡን ጠርጎ ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ለሦስተኛው ቀን የወንድሙን ልጅ ላከልን። ልጁ ሲበዛ ዝግተኛ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ከደጋ ለምትወርዱት አንድ ነገር ልጨምር። የምታድሩበት ክፍል አጎበር መኖሩን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «አሶሳ ነበርኩ» በሉት።

ከአዲስ አበባ ደውዬለት ነበር። 24ቱንም ፍሬ፣ እንዳልኩት ከወተት ጋር፣ ጨርሷል። ሥራ እንደመጣለትና ከቅዳሜ በፊት እንደማይነዳ ነግሯቸው እንደጠበቁት አጫወተኝ።