የዳሞታ ተራራና የኬብል ካር ሐሳብ

ወላይታ ሶዶ የደረሰ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው ከከተማይቱ ራስጌ የቆመውን የዳሞታን ተራራ ነው። ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ሲሆን፥ ከአናቱ ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለተመለከተ ሰው የአባያ ሐይቅ ከነስምጥ ሸለቆው ይታየዋል። እንዲህ ያለ ተራራ ባለበት አገር፥ ጎብኚውን ያለ ድካም የሚያወጣ ኬብል ካር ቢሠራ የሚል አሳብ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

የአሠራሩ ብልሃት ቀላል ነው። ከታችኛው ጣቢያ እስከ ላይኛው ወፍራም የብረት ገመድ ይዘረጋል፤ በእርሱም ላይ ሁለት የተሳፋሪ ክፍሎች ይንጠለጠላሉ። አንደኛው ሲወርድ ክብደቱ ሌላውን ወደ ላይ ስለሚስበው፥ ሞተሩ የሚታገለው ከሁለቱ ልዩነትና ከሰበቃው ጋር ብቻ ነው። በጉድጓድ አፍ ላይ በአንድ መዘውር የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት ባልዲዎችን ማሰብ ይበቃል።

በአፍሪካ ስመ ጥር የሆነው በኬፕ ታውን ያለው የቴብል ተራራ ኬብል ካር ነው። በ1922 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ አሁን ያሉት ክፍሎች 65 ሰው ይይዛሉ፤ ወለላቸውም ስለሚዞር ተሳፋሪው ካለበት ሳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ሁሉ ያያል። ሆኖም ነፋስ በበረታ ቀን ሥራው ይቆማል። ለእኛ ቀረብ ያለው ደግሞ ጣሊያኖች ከምፅዋ እስከ አሥመራ የዘረጉት 72 ኪሎ ሜትር ያህል የጭነት ገመድ ነበር፤ እነርሱ ድል ከሆኑ በኋላ ተፈታትቶ ቀረ።

ወደ ዳሞታ እንመለስ። ተዳፋቱ ባዶ መሬት አይደለም፤ እንሰት የሚተክል ገበሬ ይኖርበታል። ምሰሶ የሚተከልበት አፈር ዝናብ ሲበዛ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በጎረቤት ጎፋ የተናደው ኮረብታ ከ200 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል።

ሌላው ጉዳይ የገንዘቡ ነው፤ በጀት የሚመድቡ አድማጮቻችን ይህን በቶሎ ይረዱታል። ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በገመድ ወጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረደ ጎብኚ ጉዞውን ይቀጥላል፤ በእግሩ የወጣው ግን መሪ ይቀጥራል፥ ምሳ ይበላል፥ ደክሞት ያድራል፤ በማግሥቱም በአረካ በኩል ያለውን የአጆራ መንታ ፏፏቴ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ በእኛ ግምት የመጀመሪያው ወጪ መዋል ያለበት ለተደለደለ የእግር መንገድና ለሠለጠኑ መሪዎች ሲሆን፥ በዚያው ጊዜ በተራራው አናት ላይ የነፋሱ ኃይል ዓመት ሙሉ ይለካ።