ዲቪዲው ዴክ ላይ እምቢ ሲል



የምረቃ ሰሞን ሲቃረብ ወደ ጀመዓው ሚዲያ ክፍል የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ይመሳሰላል። በስልክ የተቀዳ የፕሮግራም ወይም የደርስ ቪዲዮ አለ። ቤተሰብ ገጠር ነው፤ ኢንተርኔት የለም፣ ያለው ቴሌቪዥንና አሮጌ ዲቪዲ ዴክ ነው። ቪዲዮው በርን ይደረጋል፣ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይታያል፣ አገር ቤት ሲደርስ ግን ዴኩ አላውቅህም ይለዋል። ከዚያ ሌላ ባዶ ዲስክ ይገዛል፣ ሌላ ሶፍትዌር ይሞከራል። እኛ እንደታዘብነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ዲስኩም በርን ማድረጊያውም ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው ኮንቨርት ላይ ነው። እያንዳንዱ ብልሽት ደግሞ የራሱ ምልክት አለው።

በመጀመሪያ፣ ላፕቶፕ ላይ መታየቱ ማስረጃ አይሆንም። እንደ ቪኤልሲ ያለ ማጫወቻ ያገኘውን ሁሉ ይከፍታል። ዴክ ግን የተወሰነ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ ምስሉ ኤምፔግ 2 መሆን አለበት፤ አገራችን በምትጠቀምበት የፓል ሥርዓት መጠኑ 720 በ576 ፒክስል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ድምፁ ኤሲ 3፣ ኤምፒ 2 ወይም ያልታመቀ ፒሲኤም ሆኖ 48 ኪሎኸርዝ መሆን ይኖርበታል። ስልካችን የሚቀዳው ኤምፒ 4 ፋይል በምስሉም በድምፁም ከዚህ የተለየ ነው። ስለዚህ ፋይሉን እንዳለ ዲስክ ላይ ብንገለብጠው የሚወጣው ዳታ ዲስክ እንጂ የቪዲዮ ዲስክ አይደለም። ለማጣራት ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር ካለና ውስጡ ስማቸው በቪኦቢ፣ በአይኤፍኦ እና በቢዩፒ የሚያልቅ ፋይሎች ካሉ አሠራሩ ትክክል ነው። ያለው ኤምፒ 4 ብቻ ከሆነ ዴኩ እውነቱን ነው።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ወደ ላይ እየተንከባለለ ካስቸገረ፣ ሶፍትዌሩ በኤንቲኤስሲ ነው የሠራው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች አሜሪካን አስበው ስለሚነሱ ፓል የሚለውን እኛው መምረጥ አለብን። ሰዎቹ ቀጥነውና ረዝመው ከታዩ ደግሞ 16 ለ9 የሆነው ቪዲዮ 4 ለ3 ተብሎ ተመዝግቧል። በዲቪዲ ላይ የሁለቱም የፒክስል መጠን አንድ ነው፤ የሚለያቸው ለቴሌቪዥኑ የሚነገረው ምልክት ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ 16 ለ9 ምረጡ፤ በአሮጌው ቴሌቪዥን ከላይና ከታች የሚመጣው ጥቁር መስመር ጥፋት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ግን ድምፅና ምስል ሲለያዩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? እኩል ከሆነ ቀላል ነው፤ ድምፁን በዚያው መጠን ማዘግየት ወይም ማስቀደም ነው። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱ ስልኩ ነው። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው የፍሬም ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ብርሃን ሲያገኝ ይጨምራል። አንዳንዱ ሶፍትዌር ግን ፍጥነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው ብሎ ያሰላል። 30 ተብሎ የተወሰደው በአማካይ 29.9 ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምስሉ ድምፁን በ12 ሰከንድ ይቀድመዋል። በመብራት ደብዛዛ አዳራሽ የተቀዳ ደርስ መሐል ላይ የሚበላሸው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሁለት ጊዜ መሥራት ነው፦ መጀመሪያ ፋይሉን በሃንድብሬክ ከፍተን የፍሬም ፍጥነቱን ቋሚ 25፣ ድምፁን 48 ኪሎኸርዝ አድርገን እናውጣው፤ ከዚያ የወጣውን ለዲቪዲ ፍሊክ ወይም ለዲቪዲ ስታይለር እንስጠው። ሦስቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ከፍቶ መተኛት ነው።

ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘን ከተሰባበረ ጉዳዩ የሒሳብ ነው። 4.7 ጊጋ የሚባለው ዲስክ 4.7 ቢሊዮን ባይት ነው፤ ዊንዶውስ በራሱ አቆጣጠር 4.38 አካባቢ ብሎ ያሳየዋል፤ ሻጩ አላታለለንም። ይህ ለሁለት ሰዓት ሲካፈል በሰከንድ 5.2 ሜጋቢት ገደማ ይደርሳል፣ ጥሩ ነው። ለሦስት ሰዓት ግን 3.5 ብቻ ይሆናል፤ ድምፁ ሲቀነስለት ለሙሉ መጠን ምስል ያንሳል። ወይ ለሁለት ዲስክ ክፈሉት፣ ወይ መጠኑን 352 በ576 አድርጉት፤ ይህም የዲቪዲ ደንብ የሚፈቅደው ነው። አንድ ሰው ቆሞ ለሚያስተምርበት ቪዲዮ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። በተቃራኒው አጭር ቪዲዮ ሲሆን ቦታ ተረፈ ብሎ ቢትሬቱን እስከ ጣሪያው መስቀል አያስፈልግም፤ የምስሉ ወሰን 9.8 ሜጋቢት ቢሆንም አሮጌ ዴክ እዚያ ሳይደርስ መንተባተብ ይጀምራል። 8 ይበቃል።

ኮንቨርቱ መሐል ላይ ቆሞ ከቀረ የሃርድ ዲስኩን ባዶ ቦታ ተመልከቱ፤ ጊዜያዊ ፋይሎቹና የመጨረሻው ምስል ተደምረው አሥር ጊጋ ያህል ይፈልጋሉ። የፋይሉ ስም በአማርኛ ወይም በዐረብኛ ፊደል ከተጻፈም በላቲን ቀይሩት፤ አንዳንድ ሶፍትዌር በዚህ ብቻ ይደናቀፋል።

በርን ከማድረጋችን በፊት የወጣውን «ቪዲዮ ቲኤስ» ፎልደር በቪኤልሲ ከፍተን መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን እንይ። ድምፁ መጨረሻ ላይ ከተለያየ ዲስክ ሳናበላሽ አወቅን ማለት ነው። በርን ሲደረግ ፍጥነቱን 4 ላይ አድርጉ፣ ዲስኩ መዘጋቱን አረጋግጡ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ያ ዲስክ አይመለስም። ለሙከራ ተብሎ የሚገዛውን ደጋግሞ የሚጻፍበት ዲስክ አንዳንድ አሮጌ ዴክ አያነበውም፤ ለቤተሰብ የሚላከው በተራው ዲስክ ይሁን።

ወደ እኛ ስትመጡ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ተልኮ የወረደውን አታምጡ፤ ሲላክ ታምቋል፣ የጠፋው ጥራት ደግሞ በኮንቨርት አይመለስም። ከቀዳው ስልክ በኬብል ወይም በፍላሽ የተገለበጠውን ዋናውን ፋይል ይዛችሁ ኑ።