ጽሑፍን ወደ ድርድር መከፋፈል፦ ለጀማሪዎች የሚሰጥ መልመጃ

የፕሮግራም አጻጻፍን ለጀማሪዎች የሚያስተምር መምህር ከሚያቀርባቸው የመጀመሪያ መልመጃዎች አንዱ፣ የተያያዘን ጽሑፍ ከፋፍሎ በድርድር (በአሬይ) ማስቀመጥ ነው። ኮምፒዩተር የቃልን ትርጉም አያውቅም፤ ጽሑፉን የሚከፍለው የታዘዘበትን መለያ ምልክት በመከተል ብቻ ነው።

ለምሳሌ «ደነባ ደብረ ብርሃን አንኮበር» የሚለው ጽሑፍ የሦስት የሰሜን ሸዋ ከተሞችን ስም ይዟል። በፓይተን ቋንቋ «ስፕሊት» በተባለው ትእዛዝ በባዶ ቦታ ቢከፈል ግን አራት አባላት ይገኛሉ፤ «ደብረ» እና «ብርሃን» ይለያያሉና። ቈጠራው ከ0 ስለሚጀምር፣ በ2 ቍጥር ሊገኝ የሚገባው አንኮበር ወደ 3 ይዛወራል። በትይዩ የተያዘ የተማሪዎች ብዛት ዝርዝር ቢኖር፣ የአንኮበር ተማሪዎች «ብርሃን» ለተባለ፣ በሌለ ከተማ ይመዘገባሉ። ኮምፒዩተሩም ስሕተት መኖሩን ላያስታውቅ ይችላል።

መፍትሔው በከተሞቹ ስሞች መካከል ነጠላ ሰረዝ (፣) ብቻ አኑሮ፣ ጽሑፉ በዚሁ ምልክት እንዲከፈል ማዘዝ ነው። በቀድሞው አጻጻፍ ቃላትን የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) በፓይተን ዘንድ እንደ ባዶ ቦታ አይቈጠርም፤ ስለዚህ በትእዛዙ ውስጥ ካልተጠቀሰ ጽሑፉ ሳይከፈል ይቀራል።

እንግዲህ መምህሩ ትእዛዙን ከማስጻፉ በፊት መለያው ምልክት የትኛው እንደ ሆነ ተማሪዎቹን ሊጠይቅ፣ ከከፈሉም በኋላ የአባላቱን ብዛት እንዲቈጥሩ ሊያደርግ ይገባል።